ለባቡሩ ድምፅ የሰጠሁት እኔ ነኝ

ጻፊ። እኔ አያትሽ እንደማወራው ጻፊው፣ አታሳምሪው።

እኔ በዕድሜዬ አንድ ነገር ሰርቻለሁ። ልጆች ወልጃለሁ፣ እሱ የእግዜር ስራ ነው። ወጥ ሰርቻለሁ፣ ተበልቷል። እዚህ አሜሪካ፣ ኮሌጅ ፓርክ ኤርፖርቱ አጠገብ ሆቴል ውስጥ አስራ አንድ ዓመት አልጋ አንጥፌአለሁ፣ ያነጠፍኩት ሁሉ በማግስቱ ፈርሷል። ሳይበላ፣ ሳይፈርስ የቀረ የእጄ ስራ አንድ ባቡር ነው። ትንሽዬ ባቡር፣ ርዝመቱ አንድ ክንድ። እሱንም በገዛ አፌ አጣሁት።

ጉልበቴ አልችል ብሎ ከሆቴሉ ስወጣ እናትሽ አንድ ኤጀንሲ አስገባችኝ፣ ሽማግሌ መጠበቅ። የሰጡኝ አንድ እንግሊዛዊ ሰውዬ ነው፣ እዚሁ ስቶን ማውንቴን፣ ከኛ አፓርታማ በመኪና አስር ደቂቃ። አሜሪካዊት ሚስት ነበረቻቸው፣ ሞታለች። አንዲት ልጃቸው ሌላ ስቴት ነው ያለችው፣ ለክሪስማስ ትመጣለች። እሳቸው ሰማንያ ሁለት፣ እኔ ሰባ ልደፍን ምንም አልቀረኝ። ጠባቂ የሚያስፈልገኝ ሰው ሌላ ሰው ልጠብቅ ሄድኩ። ምን ይደረግ።

እጃቸው ይንቀጠቀጣል። ሻይ ሲጠጡ ግማሹ ደረታቸው ላይ ነው። በማንኪያ አበላቸዋለሁ፣ አጥባቸዋለሁ፣ ኪኒናቸውን በሰዓቱ እሰጣለሁ። ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ስራ ይኸው ነው። ቤዝመንት ውረጂ የሚል የለበትም።

ቤዝመንታቸው፣ ምድር ቤቱ፣ ግን ሙሉውን የትንንሽ ባቡር ሐዲድ ነው። ወገብ በሚደርስ ጠረጴዛ ላይ ጣቢያው፣ ድልድዩ፣ ዋሻው። ሁሉም የእንግሊዝ አገር ነው። በተለይ የሚወዱት ጎታች የሌለውን ባቡር ነው። ሞተሩ ከመንገደኛው መቀመጫ ስር ነው፤ ከፊትም ከኋላም የሾፌር ክፍል አለው። መጨረሻው ጋ ሲደርስ ባቡሩን ማዞር የለም፣ ሾፌሩ ወርዶ በሌላው ጫፍ ይገባል። መልቲፕል ዩኒት ነው የሚሉት።

«ይሄንን አውቀዋለሁ» አልኳቸው የመጀመሪያው ቀን።

«ከየት ያውቁታል?»

«እኛም አገር ነበረ። ሊቶሪና እንለዋለን። እናቴ አዋሽ ጣቢያው አጠገብ አረቄ ታወጣ ነበር። ከሩቅ በድምፁ እንለየው ነበር። ጎታች ያለው እያለከለከ ነው የሚመጣ፣ ሊቶሪና እንደ አውቶቡስ ነው።»

መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ። ከዛ ቀን ጀምሮ ሰው ሆንኩ። የኔ እንግሊዝኛ የሆቴል እንግሊዝኛ ነው፤ የሳቸው ደግሞ አፍንጫ ውስጥ የሚቀር ነው። በባቡር ነገር ግን ተግባባን።

አንድ ቀን ከሰናፍጭ ፍሬ የማይበልጥ ብሎን ከእጃቸው አምልጦ ምንጣፉ ውስጥ ገባ። በአጉሊ መነጽር ይፈልጋሉ፣ ይፈልጋሉ፣ ሊያለቅሱ ምንም አልቀራቸው። እኔ ተንበርክኬ በመዳፌ ዳበስኩና አነሳሁት።

«እንዴት አገኙት?»

«ሚስተር፣ እኔ ምስር ስለቅም የኖርኩ ሰው ነኝ።»

«እንግዲያው ያስገቡልኝ» ብለው መፍቻውን ሰጡኝ። አስገባሁት። ከዛ ሌላውን። በሁለት ወር ውስጥ ብረቷን አግዬ፣ እርሳሷን አቅልጬ ሽቦ ከሽቦ ማጣበቅ ለመድኩ። ሶልደር ነው የሚሉት። ጣቴን ስንቴ አቃጥያለሁ። እሳቸው ወንበር ላይ ሆነው ይናገራሉ፣ እኔ እሰራለሁ። ሲመሽ እናትሽ ስትወስደኝ «እጅሽ ምን ሆነ?» ትለኛለች፤ «ምጣድ ነካኝ» እላታለሁ። ኤጀንሲው ከሰማ ያባርረኛል ብዬ።

አረንጓዴው ባቡር ያኔ መጣ። አሮጌ ነው፣ ከሌላ ሰው የገዙት፣ ሁለት ፉርጎ። ልጅ ሆነው በሱ ዓይነት ነው ትምህርት ቤት የሚሄዱት የነበረ። ሲመጣ ግን አሻንጉሊት ነው። በሁለቱ ፉርጎ መሀል ያለው ክፍተት በግ ያሳልፋል። መስኮቱ ወፍራም ነው፣ ውስጡ ጨለማ፣ ሰው የሌለበት። መቀመጫውን ቀለም ቀባሁ። መብራት አስገባሁ። ክፍተቱን አጠበብኩ። ከዛ መንገደኞቹን፣ ከጥፍሬ የሚያንሱ ሰዎች፣ አንድ በአንድ መቀባት።

«ቡኒ ኮት» ይላሉ እሳቸው። «አሁን ደግሞ ግራጫ ኮት። ቀጥሎ ቡኒ።»

«ሚስተር፣ ይሄ ሁሉ ሰው ለቅሶ ነው የሚሄደው?»

«አይ፣ ስራ ነው የሚሄዱት።»

«ፊታቸውን ሳየው ለቅሶ ይሻላል።»

ሳል እስኪያፍናቸው ሳቁ። ጀርባቸውን መታ መታ አድርጌ ውሃ አጠጣኋቸው።

ድምፁ ነው ያስቸገረን። ቺፕ ይሉታል፣ ካውራ ጣት ጥፍር የማይበልጥ ነገር ነው፤ እንግሊዝ አገር እውነተኛው ባቡር ላይ ሄደው የቀዱት ድምፅ እሱ ውስጥ አለ። ስፒከሯ ደግሞ እንደ ኮት ቁልፍ ናት። አስገባን፣ አስነሳን። ምን ቢል ጥሩ ነው? ጣሳ ውስጥ የገባች ዝንብ! እሳቸው ሌላ ስፒከር አዘዙ፣ መጣ፣ ገጠምኩ፣ ያቺው ዝንብ። አንድ ሳምንት ምግብ እንቢ አሉኝ።

እኔ ጆሮዬን አስጠግቼ ሰማሁት። ስፒከሯ የተቀመጠችበት ሳጥን ጠርዙ ክፍት ነው። ጸጉር የምታህል ክፍተት።

«ይተነፍሳል» አልኳቸው።

«ምኑ?»

«ሳጥኑ። እናቴ አረቄ ስታወጣ ማሰሮውና መቃው የሚገናኝበትን በሊጥ ትደፍነዋለች። ትንሽ ካመለጣት ኃይሉ ወጥቶ ይሄዳል፣ የሚንጠባጠበው ውሃ ነው። ይሄም ኃይሉ እየወጣ ነው።»

እንግዲህ ማሽን የሚያውቁ ሰው ናቸው፣ ፊደል የማታውቅ አሮጊት ስለ አረቄ ስታወራ ተቀምጠው ሰሙኝ። ለዚህ አመሰግናቸዋለሁ፣ ሌላ ሰው አይሰማም። ጥቁር ማጣበቂያ ነበራቸው፣ በመርፌ ጫፍ እየነካሁ ዙሪያውን ደፈንኩት። ስፒከሯን ራሷን እንዳይነካት ትንፋሼን ይዤ ነው። ከወለሉ ስር ደግሞ ድምፁ የሚወጣባቸው ትንንሽ ቀዳዳዎች በሳሁ። አደረ፣ ደረቀ። አስነሳነው።

ጉርምርም አለ። ከጠረጴዛው ነው ከመሬት የማይባል ድምፅ። እሳቸው ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«እግሬ ስር ተሰማኝ» አሉ።

እሱ ብቻ አይደለም። ይሄ ባቡር እንደ መኪና ማርሽ አለው፤ ሞተሩ ይጮሃል፣ ዝቅ ይላል፣ ማርሽ ይገባል፣ እንደገና ይጮሃል። የኛ ግን ሞተሩ ሳይጮህ ጎማው ይነሳል። «ይሄ የሌባ አነሳስ ነው፣ መጀመሪያ ይጩህ፣ ይጨነቅ፣ ከዛ ይነሳ» አልኳቸው። እሳቸው ኮምፒዩተሩ ላይ ቁጥር ይቀይራሉ፣ እኔ ዓይኔን ጨፍኜ «ገና… ገና… አሁን!» እላለሁ። ቁጥሩን አላውቀውም። ጆሮዬ ነው ያወቀው። ለኋለኛው ፉርጎም ሌላ ስፒከር ገጠምኩለት፣ እውነተኛውም ሁለቱም ጋ ሞተር ስላለው። ዓመት ከምናምን ፈጀብን።

ያለቀ ቀን ጠዋት ነው፣ ቁርሳቸውን አብልቼ አውርጃቸው። ጣቢያው ጋ ቆሞ ሞተሩ ያጉረመርማል፣ መስኮቱ በርቷል፣ የኔ ለቅሶኞች ተቀምጠዋል። ተነሳ። ዋሻውን ገባ፣ ወጣ፣ ማርሽ ቀየረ፣ ዞሮ መጥቶ ቆመ። እንደ ሰው ተነፈሰ። እኔ እንባዬ መጣ። ሰው እንዴት በፕላስቲክ ያለቅሳል? አለቀስኩ።

ሰውዬው ባቡሩን አዩ፣ እኔን አዩ።

«ይሄ የእርሶ ነው» አሉ። «እንዲወስዱት እፈልጋለሁ። ቤትዎ ይውሰዱት።»

እኔ ምን አልኩ? «ኧረ በፍጹም! ምን በወጣኝ! የእርሶ ነው» አልኩ። በሁለት እጄ ገፋሁት።

አንቺ እዚህ ተወልደሽ አታውቂውም። እኛ ጋ ሰው «እንካችሁ» ሲል «አይ» ይባላል። ሰጪው «በሞቴ» ይላል። አሁንም «ኧረ ተዉ» ይባላል። ለሦስተኛ ጊዜ ቆጣ ብሎ ብብትሽ ስር ያስገባዋል፣ ያኔ እያጉረመረምሽ ትቀበያለሽ። አንዴ ሲባል እጁን የሚዘረጋ ሰው ቤቱ ያልበላ ነው ይባላል። እናቴ እንዲህ ነው ያሳደገችኝ፣ ቆንጥጣ። «አይ» ያልኩት ለመውሰድ ነው። ልቤ ውስጥ የት እንደማስቀምጠው ሁሉ መርጫለሁ፣ ቴሌቪዥኑ አጠገብ ያለው መደርደሪያ ላይ።

እሳቸው ግን «እርግጠኛ ነዎት?» እንኳ አላሉም። ራሳቸውን ነቀነቁ። «ገባኝ» አሉና ግድግዳው ላይ ወዳለው መደርደሪያ ጠቆሙኝ፣ እዛ እንዳስቀምጠው። በገዛ እጄ አስቀመጥኩት።

ነገ ይደግሙታል አልኩ። አልደገሙትም። በሳምንቱ አቧራውን ስጠርግ «ዛሬ እንዴት አምሮበታል» አልኳቸው። «አዎ፣ አምሮበታል» አሉ። በሌላ ቀን «የልጄ ቤት መደርደሪያው ባዶ ነው፣ ደስ አይልም» አልኩ። «አበባ ያድርጉበት» አሉኝ። አበባ!

እናትሽ ነገሩን ስትሰማ ጮኸችብኝ። «ጠይቂያቸዋ! እፈልገዋለሁ በያቸው!»

«ሰጥተውኝ እንቢ ያልኩትን ተመልሼ ልለምን? ለማኝ ነኝ?»

«ለማኝ አይደለሽም፣ ግትር ነሽ።»

«አንቺን ማን አሳደገሽ?»

«ግትር!»

ልክ ናት። ግን አልጠየቅኩም። አፌ ላይ ይመጣና ይመለሳል። አንድ ዓመት ሙሉ በየቀኑ እያየሁት፣ እየጠረግሁት፣ እያስነሳሁላቸው። ሲነሳ የሚሰማኝ ደስታ እየቀነሰ ሄደ፣ በመጨረሻ አስነስቼላቸው ወደ ላይ እወጣ ጀመር። ማታ ማታ «ምናለ ሁለተኛ ቢጠይቁኝ» እላለሁ። ያን ያህል ዓመት በማንኪያ ያበላኋቸው ሰው፣ ሲርባቸው ሳይናገሩ የማውቅላቸው፣ የኔን ረሃብ እንዴት አያውቁም? እንዲህ እያልኩ እኔም በሆዴ ያዝኩባቸው። ሻያቸውን አንዳንዴ ሆን ብዬ አቀዘቅዘዋለሁ። ጻፊው፣ እሱንም ጻፊ። እሳቸው ዝም ብለው ይጠጡታል።

ሞቱ። ሆስፒታል ገብተው በአራተኛው ቀን። ኤጀንሲው ደውሎ «ነገ አትምጪ፣ ሌላ ሰው እንሰጥሻለን» አለኝ፤ የሞቱን ነገር ያወቅኩት ለምን ብዬ ስጠይቅ ነው።

ቅዳሜ ነጠላዬን አዘቅዝቄ ለብሼ ልጃቸውን ላስተዛዝን ሄድኩ። ለቀስተኛ የለ፣ ወንበር የለ። ካርቶን ብቻ። ልጅቷ እጅጌዋን ሰብስባ ታሽጋለች። አቀፈችኝ፣ ክፉ ልጅ አይደለችም።

«አባቴ ሁልጊዜ ስለ እርሶ ያወሩልኝ ነበር። ከዚህ ቤት የሚፈልጉት ነገር ካለ ይውሰዱ፣ የፈለጉትን» አለች።

አሁን አልሳሳትም አልኩ። ደሜ ፊቴ ላይ ወጣ፣ እናቴ ከመቃብር የምትቆነጥጠኝ መሰለኝ። ግን በመጀመሪያው ተናገርኩ።

«አረንጓዴውን ባቡር።»

ፊቷ ተለወጠ። ወረቀት አወጣች። «አባቴ ባቡሮቹን በሙሉ በዝርዝር ጽፈዋቸዋል። አረንጓዴው ኬኔሶ ከተማ ላለው የባቡር ወዳጆች ክበብ ይሰጥ ነው የሚለው። ለእርሶ ሰጥተውዎት እንዳልፈለጉት ጽፈዋል። ይኸው፣ ‹ጠይቄአቸው ነበር፣ አልፈለጉም› ይላል።»

«አንዴ ነው የጠየቁኝ» አልኳት።

«አዎ። እርሶም እንቢ አሉ።»

«አንዴ እኮ ነው!»

ግራ ገባት። ምን ልበላት? የኛን አገር ደንብ በሆቴል እንግሊዝኛ ካርቶን መሀል ቆሜ ላስረዳ? «አንዴ አይቆጠርም» አልኳት። ቀልድ መስሏት ፈገግ አለች።

ወዲያው የክበቡ ሰዎች መጡ፣ ሁለት ሽማግሌዎች። አረንጓዴውን ሳይጭኑት በፊት እንስማው ብለው አስነሱት። ያ ድምፅ ወጣ። አንደኛው ኮፍያውን አወለቀ። «እንዲህ ያለ ሰምቼ አላውቅም። ማነው የገጠመው?»

«አባቴ» አለች ልጅቷ። «እስከ መጨረሻው ድረስ እሱ ላይ ነበሩ።»

«እኔ ነኝ» አልኩ። ጮክ ብዬ ነው ያልኩት።

ሦስቱም ዞረው አዩኝ። የኤጀንሲውን ቲሸርት እንደ ልማዴ ለብሻለሁ፣ ከላይ ነጠላ። ልጅቷ ትከሻዬን ያዝ አደረገችና «አዎ፣ በጣም ይረዷቸው ነበር» አለች። ሰዎቹም «ጎበዝ» አሉኝ፣ ልጅ ሳህን ሲያነሳ እንደሚባለው። ማንኪያ መያዝ ያልቻለ እጅ ያንን ብሎን እንዴት ይዞት ይሆን ብሎ ያሰበ የለም። ባቡሩን ለማሸግ ሁለቱን ፉርጎ ጎትተው አላቀቁ። ቀስ በሉ ልል አልኩና ተውኩት። «እንኩ» ብላ ልጅቷ የሻይ ማፍያውን ሰጠችኝ። ወሰድኩት። በመጀመሪያው።

ባለፈው ዓመት አንቺ ኬኔሶ ዩኒቨርሲቲ ገባሽና ክበቡ ለሕዝብ የሚከፈትበት ቀን እንዳለ ነገርሽኝ። ድራይቭ አድርገሽ ወሰድሽኝ። አልሄድም ብዬ ነበር፤ አንቺ ሁለቴ ሳትጠይቂ መኪናው ውስጥ ከተትሽኝ፣ እሱስ ጥሩ አደረግሽ። ትልቅ አዳራሽ ነው፣ ልጆች ይንጫጫሉ። የኔ ባቡር ሐዲዱ ላይ ነበር። ስሩ የተጻፈውን አነበብሽልኝ፣ የሳቸው ስም ነው፣ የሰሩት እሳቸው ይላል።

ዓይኔን ጨፍኜ አዳመጥኩት። የፊተኛው ፉርጎ ያጉረመርማል። የኋለኛው የለም። ዲዳ ሆኗል። እነዛ ሲያላቅቁት የበጠሷት ሽቦ ናት፣ ከማገናኛው ስር ጥቅልል ብላ የምትገባ፣ እኔ ነኝ እዛ የደበቅኳት እንዳትታይ። ብረት አግሎ ለሚያውቅ ሰው የአምስት ደቂቃ ስራ ነው። ለማያውቅ ሰው ባቡሩን ሙሉ ቢፈታታው አያገኛትም።

ያን ቀን ኮፍያውን ያወለቀው ሽማግሌ ሲያየኝ መጣ፣ ረስቶኛል። «ደስ አልዎት? የሰራው ጓደኛችን ነው፣ አርፏል። እንደሱ ዓይነት እጅ የለም። አሁን የኋለኛው ድምፁን አጠፋብን፣ ሁላችንም ሞከርን፣ ምኑ እንደሆነ አልገባንም።»

አንቺ በክርንሽ ጎሸምሽኝ። «እማማ፣ ንገሪው። ላይክ፣ አሁኑኑ። እኔ ነኝ የሰራሁት፣ አውቀዋለሁ በይው።»

«ዝም በይ።»

«ሲሪየስሊ፣ እኔ ልንገረው?»

«ከነገርሽው አንቺ የኔ ልጅ አይደለሽም!»

ሰውየው በአማርኛ ስንጨቃጨቅ ፈገግ ብሎ ይጠብቃል። «ነፍስ ይማር» አልኩት፣ በእንግሊዝኛ እንዴት እንደሚባል ስላላወቅኩ በኛው ቋንቋ። አመሰግናለሁ አለኝ።

መኪና ውስጥ ተቆጣሽኝ። «ብትነግሪው እኮ ስምሽን ይጽፉልሽ ነበር» አልሽኝ። ይጽፉ ይሆናል። «ከረዱት አንዷ» ብለው። እኔ እርዳታ አልሰጠሁም፣ ባቡር ነው የሰራሁት። «እሺ ታዲያ ምን አተረፍሽ?» አልሽኝ። ምንም።

እስካሁን እንደዛው ነው አሉ፣ በፊተኛው ብቻ እያጉረመረመ ይዞራል። የጠፋውን ግማሽ እኔ ወሰድኩት ብዬ ነው የምቆጥረው። ኃጢአት መሆኑን አውቃለሁ፤ ለንስሐ አባቴ እነግራቸዋለሁ ብያለሁ። ገና አልነገርኳቸውም።